በፋሲካ ሰሞን ከብራዚል ወደ አርጀንቲናና ቺሊ በየብስ፦ ምን እንያዝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሳኦ ፓውሎ ነው። እህቴና ባሏ ከሜሪላንድ ሊጠይቁን ይመጣሉ። እነሱ የአሜሪካ ፓስፖርት አላቸው። እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የብራዚል መኖሪያ ካርድ ነው የያዝኩት። ልጄ የተወለደው እዚሁ ነው። በፈረንጆቹ ፋሲካ የኢጉዋሱን ፏፏቴ በሁለቱም አገር በኩል አይተን፣ ከተቻለም ቺሊ ብንደርስ ብለን ነበር። ግን የድንበሩ ሰልፍ አይቻልም ይሉናል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰልፉስ ይቻላል። ውሃና ቆሎ ይዞ መጠበቅ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሰልፍ የሌለበት ኬላ ነው።

ከብራዚሏ ፎዝ ዶ ኢጉዋሱ ወደ አርጀንቲናዋ ፖርቶ ኢጉዋሱ የሚሄደውን የከተማ አውቶቡስ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አርጀንቲና በኩል ሁሉም ሰው ወርዶ ፓስፖርት ያሳያል። ብራዚል በኩል ግን አውቶቡሱ ብዙ ጊዜ ሳይቆም ያልፋል። ተሳፋሪው በብዛት የአካባቢው ሰው ስለሆነ ማህተም አያስፈልገውም። አንቺን ግን ያስፈልግሻል። የመውጫ ማህተም ከሌለሽ በመዝገቡ ላይ ገና ብራዚል ውስጥ ነሽ። እንግዶችሽ ደግሞ ለጉብኝት የተፈቀደላቸው ቀን እየተቆጠረባቸው ይቀጥላል፤ ካለፈም ቅጣቱ በቀን ነው። ስለዚህ ገና ስትሳፈሩ ኢሚግሬሽን ላይ እንደምትወርዱ ለሹፌሩ ንገሩት። አውቶቡሱ ላይጠብቃችሁ ይችላል። አትደንግጡ፣ ቀጣዩ ይመጣል።

ወደ ፓራጓይ የሚያሻግረው የወዳጅነት ድልድይ ይብሳል። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ድልድይ ነው። ከገና በፊት ማዶ ያለችው የፓራጓይ ከተማ ሲውዳድ ዴል ኤስቴ ሸምቶ የሚመለሰው ሕዝብ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ ካርቶኑ ጉድ ነው። በዚያ ግርግር መሃል ማንም ሳይጠይቅሽ ሌላ አገር ትገቢያለሽ። ያ ማለት ግን ተፈቅዶልሻል ማለት አይደለም። በመመለሻው ላይ የብራዚል ጉምሩክ ከቀረጥ ነጻ የሚያሳልፈው ለአንድ ሰው እስከ 500 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የብራዚል ካርድሽ ብራዚል ያስመልስሻል እንጂ አርጀንቲናና ቺሊ አያስገባሽም። እነሱ የሚያዩት ዜግነትሽን ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሁለቱም ቪዛ ያስፈልጋል፣ ይህን ደግሞ ከወራት በፊት ነው መጀመር። የሚያስቀው፣ እዚያ የተወለደው ልጅሽ ብራዚላዊ ስለሆነ በመታወቂያው ብቻ ይሻገራል። ሆኖም አባቱ አብሮ የማይጓዝ ከሆነ ፊርማው በካርቶሪዮ የተረጋገጠ ፈቃድ ያዢ። የኛው ውልና ማስረጃ ማለት ነው። በበዓል ዝግ ስለሆነ ቀድመሽ ጨርሺ።

እህትሽና ባሏ ለአርጀንቲናና ለቺሊ ቪዛ አይጠየቁም። ለብራዚል ግን ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጋም ኢ-ቪዛ ማውጣት አለበት። ከፏፏቴው ሲመለሱም ያንኑ ስለሚጠየቁ አትመው ይያዙት።

አንድ ነገር ደግሞ በስደተኝነት ከለላ ለምትኖሩ። በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣው የብራዚል የስደተኞች ሕግ መሠረት ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር መውጣት ከለላውን ሊያሳጣ ይችላል። ለግማሽ ቀን ገበያ ድልድይ መሻገርም መውጣት ነው። «ሁሉም ሰው ይሻገራል» የሚላችሁን ጓደኛ አትስሙ። እሱ የሚያጣው ነገር የለም።

ቺሊ የምትሄዱ ከሆነ እስከ አርጀንቲናዋ ሜንዶሳ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ብትሉ ይሻላል። መንገዱ የአንዲስን ተራሮች ያቋርጣል። ድንበሩ ላይ የሚያልፍበት ዋሻ 3 ሺህ 200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ብዙም አያስደነግጥም። በክረምታቸው፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ በረዶ ሲበዛ መንገዱ ይዘጋል። ሌላው የጭንቅ ሰሞን የቺሊ ብሔራዊ በዓል ነው፣ ሴፕቴምበር 18 እና 19፣ ከእንቁጣጣሽ ሳምንት በኋላ። ያኔ ሰልፉ ለሰዓታት ነው። ደግነቱ የሁለቱ አገር ሠራተኞች እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሚሠሩ አንድ ጊዜ ብቻ ትቆማላችሁ።

ቺሊ ስትገቡ ምግብ ላይ ቀልድ የለም። የፍራፍሬ ዝንብና የእንስሳት በሽታ እንዳይገባባቸው ሻንጣ ይፈትሻሉ፣ በውሻም ያስነፈንፋሉ። ፍራፍሬ፣ ማር፣ ቋንጣና የቤት ቅቤ ባትይዙ ጥሩ ነው። በርበሬና ሽሮ ከያዛችሁ ቅጹ ላይ «አለኝ» በሉ። ያመነ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል፤ የደበቀ ይቀጣል።

ቀኑን መቀየር ከቻላችሁ ደግሞ በኛ ፋሲካ ሂዱ። በ2018 ዓ.ም. የነሱ መጋቢት 27፣ የኛ ሚያዝያ 4 ነው። ያን ጊዜ የበዓል ተጓዡ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ዶሮ ወጡን ስትመለሱ መሥራት ነው።

ሌላ አባል፦ መኪና ተከራይተን ብንሻገርስ?

መልስ፦ አከራዩ በጽሑፍ ካልፈቀደ አይሞከርም። ለመርኮሱር (ለደቡብ አሜሪካ የንግድ ኅብረት) አገሮች የሚሆነውን ኢንሹራንስም፣ ካርታ ቬርዴ የሚሉትን፣ ኬላው ላይ ይጠይቃሉ። ሁለቱንም መኪናውን ስትይዙ ጠይቁ፣ በዋዜማው አይገኝም። ለፏፏቴው ብቻ ከሆነ ግን የፎዝ ታክሲ ይበቃል። ዋጋ ስትነጋገሩ በሁለቱም ኬላ እንዲቆም ጨምራችሁ ተስማሙ።