ደሴ ያለ ሠዓሊ ሥራውን በኢንተርኔት የት ያሳይ?

ሙጋድ፦
አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የአጎቴ ልጅ ደሴ ያለ ሠዓሊ ነው። ሸራ ላይ በዘይት ቀለም ይሠራል፣ ብራና ላይም ይስላል። እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። ኤትሲ በሚባለው የእጅ ሥራ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ በእኔ ስም ሱቅ ልክፈትለት ወይስ ኢንስታግራሙ ይበቃዋል?

ጦሳ ሥር፦
አብሽሪ እህቴ፣ መላ አለው። ግን ገጽ ከማሳመራችሁ በፊት ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚገባ ቁረጡ፤ ብዙው ሰው ተንደርድሮ መጥቶ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። በኢንተርኔት የካርድ ክፍያ የሚያስተናግደው ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሻጭ ሒሳብ አይከፍትም። ኤትሲም ክፍያ ከሚያደርስባቸው አገሮች መሐል ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ እሱ በስሙ ሊከፍት አይችልም።

በአንቺ ስም ያልሽውም ጣጣ አለው። ኤትሲ በእጅ ሥራ የሚያሸጠው ሻጩ ራሱ የሠራውን ወይም የነደፈውን ነው። የዘመድን ሥዕል የራስ አስመስሎ መለጠፍ ሱቁን ሊያዘጋ፣ ያልተከፈለውን ገንዘብም ሊያሲዝ ይችላል። ወጪውንም አስቢው፦ ለአንድ ዕቃ መለጠፊያ በየ4 ወሩ 0.20 ዶላር፣ ሲሸጥ 6.5 በመቶ፣ የክፍያ ማስተናገጃ አሜሪካ ላይ 3 በመቶና 0.25 ዶላር። ከ200 ዶላር ሥዕል 19.45 ዶላር ይሄዳል፣ መላኪያው ሳይቆጠር።

የሚያዋጣችሁ በእሱ ስም የተከፈተ ድረ ገጽ ነው፤ አንቺ ደግሞ ወኪሉ መሆንሽ በግልጽ ይጻፍበት። ክፍያው በአንቺ ሒሳብ ከገባ ለግብር ቢሮ የሚታየው በአንቺ የግብር ቁጥር ስለሆነ፣ ስንት በመቶ ለማን እንደሆነ የሚል አንድ ገጽ ስምምነት ፈርሙ፤ የላክሽበትንም ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጪ። ሥጋ ዘመድ ነው ብሎ መተው ኋላ ያቀያይማል።

ሐይቅ ዳር፦
እኔ ፎቶው ላይ ልቁም፣ የገጹን ጉዳይ ሌላው ይበለው። ገዢው ሸራውን ቀርቦ አያየውም፤ ፎቶው ካበላሸው አለቀ።

በስልክ ይቻላል። ሥዕሉን ቀጥ አድርጎ መስቀል፣ ስልኩን በማቆሚያ አድርጎ ከሥዕሉ መሐል ጋር እኩል ከፍታ ላይ ማቆም። ተጠግቶ በሰፊው ሌንስ የተነሳ ሥዕል ጠርዙ ወደ ውጭ ይጎብጣል፤ ስልኩ የ2 እጥፍ ሌንስ ካለው በእሱ፣ ራቅ ብሎ ያንሳ። ከታች ቀና ተብሎ የተነሳ ደግሞ ላይኛው ጎኑ ይጠብባል።

ደሴ ደመና አታጣም፣ ለዚህ ሥራ ሲሳይ ነው። በደመናማ ቀን በረንዳ ላይ የተነሳ ፎቶ ቀለሙን ከምንም በላይ ይጠብቃል። ቤት ውስጥ ከሆነ ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይቁሙ፣ መጋረጃው ይዘጋ። የመስኮት ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ከተቀላቀሉ ግማሹ ሥዕል ወደ ሰማያዊ፣ ግማሹ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ በኋላ ማስተካከሉም መከራ ነው። ፍላሽ በጭራሽ። ቫርኒሽ የተቀባ ሥዕል ላይ ነጭ ነጸብራቅ ከታየ መብራቶቹን ይበልጥ ወደ ጎን ማውጣት ነው። ካሜራ ካለው አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 ይሁን፤ እጁ እንዳያነቃንቀው ቁልፉ ከተነካ ከ2 ሰከንድ በኋላ እንዲያነሳ ያድርገው። አንዱን ፎቶ ከሥዕሉ ጎን ግራጫ ካርድ አስቀምጦ ያንሳ፣ ቀለም የሚታረመው በዚያ ነው።

ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ። ለገጹ የሚወጣው ረጅሙ ጎኑ 2000 ፒክስል፣ ጄፔግ በ80 ጥራት፣ የቀለም ዓይነቱ ኤስአርጂቢ ይሁን። አዶቤ አርጂቢ ሆኖ ከወጣ ብዙ ቦታ ላይ ይደበዝዛል፤ ሠዓሊውም «ቀዩን ቀለሜን ማን በላው» ይላል። ወደፊት የኤ3 ህትመት መሸጥ ካሰበ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልገዋል፣ ዋናውን አትጣሉ ያልኩት ለዚህ ነው። የስልክ ፎቶ የተነሳበትንም ቦታ በውስጡ ይይዛል፤ ቤቱ የተነሳ ከሆነ ከመለጠፉ በፊት ይጥፋ።

ሲልክልሽ ደግሞ በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ብሎ ይላክ። በተለመደው መንገድ ከላከው ምስሉን ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋልም፤ እዚህ ከርመሽ ታርሚና የብሩሹ ምልክት ጠፍቶ ታገኚዋለሽ።

የሰኞ ገበያ፦
ሐይቅ ዳር ጨርሶታል። ኢንስታግራም ሰው መጥሪያ ነው፤ ለብቻው አይበቃም። ልጥፉ ወዲያው ይቀበራል፣ ሒሳቡ ከተጠለፈ ደግሞ ሁሉም ነገር አብሮ ሄደ። ወደ ላይ ለረዘመ ፎቶ 1080 በ1350 ፒክስል ይጠቀም፤ ረጅምና ጠባብ ሥራ ከሆነ እንዳይቆረጥ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ይጨምርበት። አገር ቤት ላለ ገዢ የቴሌግራም ቻናል ይበልጣል። ሥራ ማሳያው ድረ ገጽ ቢሀንስ ነፃ ነው፣ ለዲዛይንና ለመጽሐፍ ሥዕል ይጠቅማል። አርትስቴሽን የሚባለው ሌላው ማሳያ የጌምና የፊልም ሰዎች ሰፈር ነው፤ የዘይት ቀለም ሠዓሊ እዚያ ጊዜውን ባያባክን ይሻላል።

ለድረ ገጹ ዶሜይን (የገጹ አድራሻ ስም) በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ይገኛል። በሠዓሊው ስም ይመዝገብ፣ በዘመድ ኢሜይል አይሁን። 15 ሥራ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ሥር ርዕስ፣ ዓመት፣ ምን ላይ በምን እንደተሳለ፣ ቁመትና ስፋት በሴንቲ ሜትር፣ መሸጥ አለመሸጡ ይጻፍ። ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይታወቅ፤ «2017» ብሎ የተወውን የውጭ ገዢ የከረመ ሥራ ነው ብሎ ያልፈዋል።

የፋይል ስም በላቲን ፊደል ይሁን። አንድ የአማርኛ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ 9 ምልክት ሆኖ ስለሚዘረዘር ሊንኩ ክንድ ያህል ይረዝማል። መግለጫው ግን በአማርኛም ይኑር። ሰው «ሥዕል»ን «ስዕል» ብሎም ይፈልጋል፣ ሁለቱም ይግቡ። ወሎም በላቲን አንዴ በ«ዎ» አንዴ በ«ወ» ድምፅ ይጻፋል፣ እንደዚያው።

ሙጋድ፦
ጀዛኩሙላህ ኸይር። ብራናውስ ይላካል?

ጦሳ ሥር፦
አዲስ ሥራ መሆኑን ማሳየት ከቻለ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ብራና ደግሞ ሲያዩት አሮጌ ይመስላል። ሲሣል የተነሳ ፎቶ፣ ጀርባው ላይ ፊርማና ቀን ይኑረው፤ ከመላኩ በፊትም ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ይጠይቅ። ገጹ ላይ «ጥንታዊ» የምትል ቃል ለጌጥ እንኳ እንዳትገባ፣ ራስን በራስ ማስያዝ ነው።

ብራና አይጠቀለል፣ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሐል ተዘርግቶ ይሂድ፤ እርጥበት ካገኘው ይጨማደዳል። ሸራ ይጠቀለላል፣ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ተጨምቆ ይሰነጠቃል። ቱቦው ሰፊ ይሁን፣ አፉ ከዳር እስከ ዳር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል። ቀለሙን የሚነካው ለስላሳ ግላሲን ወረቀት ነው። ፊኛ ያለው ፕላስቲክ በቀጥታ ካረፈበት ክብ ክብ ምልክት ይተዋል። ወፍራም የዘይት ቀለም 6 ወር ሳይሞላው አይጠቅለል።

ለጉምሩክ «ጌጣጌጥ» ተብሎ አይሞላ። በእጅ የተሳለ ሥዕል በቀረጥ ሠንጠረዡ ምዕራፍ 97 ውስጥ ነው፣ አሜሪካ ላይ መደበኛ ቀረጥ የለበትም። የሠዓሊው ስም፣ ዓመቱ፣ ሸራና ዘይት ቀለም መሆኑና እውነተኛ ዋጋው ይጻፍ።

ሐይቅ ዳር፦
ሥዕሉ ሲሸጥ የቅጂ መብቱ አብሮ አይሸጥም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱ ሠዓሊው በሕይወት እያለና ካለፈም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ይህች አንድ መስመር ደረሰኙ ላይ ትግባ። ሥዕሉ መሐል ላይ ስም መጻፍ ግን ይቅር፣ ሥራውን ይገድለዋል። 2000 ፒክስሉን የሰረቀ ሰው በደህና ጥራት የሚያትመው 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ሙጋድ፦
ዋጋው ይጻፍ ወይስ «በውስጥ መስመር» ልበል?

የሰኞ ገበያ፦
ይጻፍ። ባቲ ገበያ ላይ መከራከር ያምራል፤ እዚህ ግን ገዢው ጠይቆ መልስ የሚያገኘው ደሴ ሲነጋ ነው፣ እስከዚያ ሌላ ገጽ ላይ ይሆናል። አንድ ስሌት ይዛችሁ ሂዱ፦ 60 በ80 ሸራ 4800 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ ካሬው በ5 የአሜሪካ ሳንቲም ቢመታ 240 ዶላር። ትንንሹ ሥራ ለካሬው ትንሽ ከፍ ይበል፣ ድካሙ በልክ አይቀንስምና። ለሐበሻም ለፈረንጅም ዋጋው አንድ ይሁን። በብርም ከተጻፈ የብሩን በየወሩ አድሱት።