ባዶ ቦታ ያለበትን ስም ለሲ ፕሮግራም ማቀበል

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። ጅማ ውስጥ ለአባቴ የቡና መጋዘን ሒሳብ የሚሠራ ፕሮግራም በሲ (C) የፕሮግራም ቋንቋ እየጻፍኩ ነው። የቡናውን ደረጃና ኪሎውን ከትእዛዝ መስመር ይቀበላል። ጅማ 5 60 (ደረጃው ጅማ 5፣ ኪሎው 60) ብዬ ስሰጠው ግን አርግሲ (argc፣ ከትእዛዝ መስመር የደረሱት ቃላት ብዛት) 4 ሆኖ፣ 5ን እንደ ኪሎ ይወስደዋል። ለምን?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ በባዶ ቦታ የሚከፋፍለው ሼሉ (ትእዛዝህን ተቀብሎ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው) ነው፤ ፕሮግራምህ ሳይጀምር ሥራው አልቋል። ደረጃውን በትምህርተ ጥቅስ ክበበው፦ "ጅማ 5" 60። ያኔ አርግሲ 3 ይሆናል፤ የፕሮግራሙ ስምም ይቆጠራልና።

መልስ 2፦ ኪሎውን ግን እባክህ በኤቶአይ (atoi፣ ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚቀይር የሲ ተግባር) አትቀይር! በቁጥር ፋንታ ፊደል ቢገባ ዝም ብሎ ዜሮ ይመልሳል፤ ገበሬው የደከመበት ቡና ከመዝገብ ይጠፋል። በእሱ ፋንታ ስትርቶድን (strtod፣ ሌላው ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይር ተግባር) ተጠቀም፤ ንባቡ የት ላይ እንደቆመ ያሳይሃል።

ጠያቂው፦ በጥቅሱ ተስተካክሏል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስትርቶድ ግማሽ ኪሎም ያነባል?

መልስ 2፦ አዎ፣ 60.5 ብለህ ስጠው።