ሊሞት የተቃረበ ሰው አጠገብ ሳንቀመጥ ስለ ዩታናሲያ አቋም መያዝ ይቻላል?

የሕክምና ተማሪ፦ ሰዎች፣ ስለ ዩታናሲያ ጥያቄ ላንሳ። የማይድን ሕመምተኛ፣ አእምሮው ጤነኛ ሆኖ፣ "በቃኝ፣ ገላግሉኝ" ብሎ ደጋግሞ ቢለምን ሐኪም እንዲሞት ሊረዳው ይገባል? ኔዘርላንድስና ቤልጂየም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቅደዋል፣ ካናዳም በ2016 እ.ኤ.አ. ፈቀደች። እኔ እደግፋለሁ። ስቃዩን ከሱ በላይ የሚያውቅለት የለም።

የነርሲንግ ተማሪ፦ እኔ በፍጹም። የጥንቱ የሐኪሞች መሐላ፣ የሂፖክራተስ መሐላ፣ እንኳ ቢለምንህም ገዳይ መድኃኒት አትስጥ ይላል። መሐላውን ተወውና፣ ወንድሜ፣ ለመሆኑ ሊሞት ከተቃረበ ሰው አጠገብ ቁጭ ብለህ ታውቃለህ? ራውንድ ላይ፣ ሕመምተኞችን እየዞርን ስናይ፣ እሱ አልጋ ጋ ስንደርስ እኮ ቻርቱን ገልጠን፣ ዓይኑን ሳናይ፣ "ከዚህ በላይ የሚደረግለት የለም" ተብሎ እናልፋለን። ከዚያ ክፍል ገብተን ስለ ሞቱ እንከራከራለን!

የፋርማሲ ተማሪ፦ አንድ ነገር ይጥራ። ሞርፊን፣ ማለትም ብርቱ የሕመም ማስታገሻ፣ መስጠት ዩታናሲያ አይደለም። ከሕመሙ ጋር እየተመጠነ ሲሰጥ ሞትን አያፋጥንም። "ሱስ ይሆንበታል" እያልን ሰው ሲያቃስት እንዲያድር የምናደርገው እኛ ነን። ሕመምተኛው አልፈልግም ያለውን ማሽን ማቆምም ሌላ ጉዳይ ነው።

የሕክምና ተማሪ፦ እስማማለሁ። ግን ሞርፊኑንም እንክብካቤውንም አግኝቶ አሁንም በቃኝ የሚል አለ። ለሱ መልሳችሁ ምንድን ነው?

ነርስ፣ ማስታገሻ ሕክምና ክፍል፦ ልጆች፣ እኔም ልግባ። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ሐኪም ሊሞት ለተቃረበ ሕመምተኛ ራሱ የሚወስደውን ገዳይ መድኃኒት እንዲያዝ የሚፈቅደው ሕግ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። እዚያ የሚጠይቁት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት "አመመኝ" ሳይሆን "በራሴ ማዘዝ አቃተኝ፣ የምወደውን መሥራት አልቻልኩም" ነው። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሆስፒሷን፣ ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎች የሚታከሙበትን ቤት፣ ስትከፍት ስቃይ የሥጋ ብቻ አይደለም፣ የመንፈስም የቤተሰብም ነው ያለችው ለዚህ ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግን የማስታገሻ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። እናንተን እጅ አስወጥቶ "ትደግፋላችሁ ወይ" የሚል መምህር አይጠፋም፤ ሕመምተኛ "ግደሉኝ" ሲላችሁ ምን እንደምትመልሱ የሚያስተምራችሁ ግን የታለ? እኔ ክርክር ውስጥ አልገባም። ወንበር ስቤ "ዛሬ በጣም የከበደህ ምንድን ነው?" እላለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ሞት አይደለም።

የሕክምና ተማሪ፦ ሲስተር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የኦሪገኑ ነገር የኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። ሰውየው በራሱ ሕይወት ማዘዝ ፈልጎ ነዋ!

የነርሲንግ ተማሪ፦ "ለቤተሰቤ ሸክም ሆንኩ" የሚለውስ? እሱንም ነፃ ምርጫ ልትለው ነው? እኔ ያንን ሰው ነው የምፈራለት፤ ማንም ሳይገፋው፣ የሁሉም ፊት ስለደከመ ብቻ እሺ ልሂድ የሚለውን።

የሕክምና ተማሪ፦ እሱ ከብዶኛል፣ አልዋሽም። አቋሜን ግን አልቀይርም፤ ሸክም ነኝ የሚለውን ለይቶ የሚያወጣ ጥብቅ ምርመራ ይኑር ነው የምለው።

ነርስ፣ ማስታገሻ ሕክምና ክፍል፦ ያንን የሚለየው እኮ ነገ አንተ ነህ። የማስታገሻ ክፍል ልምምድ ፕሮግራማችሁ ውስጥ አለ?

የሕክምና ተማሪ፦ የለም። አንድ ሌክቸር ብቻ ነው።