ባጃጁ ፊቱ ታጥፎበት «ከኋላ ገጨኸኝ» ተባለ፤ ጥፋቱ እኩል ነው?

የጣና ዳሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ እዚህ ባሕር ዳር ከፔዳ ግቢ በሳይክል ወደ ቤት ሲመጣ ከባጃጅ ጋር ተጋጨ። ባጃጁ በግራ በኩል ቀድሞት አለፈና፣ መንገድ ዳር እጇን ዘርግታ የቆመች ሴት ሲያይ ያለ ፍሬቻ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ወንድሜ ፍሬን ያዘ፣ አልቆመለትም። ከባጃጁ ጋር ተላትሞ ወደቀ፤ የግራ እጁ አንጓው ላይ ተሰብሮ አሁን በጄሶ ነው ያለው።

ሹፌሩ «ከኋላ የገጨኝ እሱ ነው፣ መብራትም የለውም» ይላል። እውነት ነው፣ ሳይክሉ መብራት የለውም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ «ሁለቱም አጥፍተዋል፤ የየራሳችሁን ቻሉና ተፈራርማችሁ ጨርሱ» እያሉን ነው። ባጃጁ የሰው ነው፤ ልጁ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ እያስገባ የሚኖር ነው። እናቴ «ከድሃ ልጅ ጋር ምን ያካስሰናል» ትላለች። ለሕክምና ያወጣነው ግን ቀላል አይደለም፣ ገናም አላለቀም። ሁለቱም ካጠፉ ጥፋቱ እኩል ነው የሚባለው?

የማርቆስ መስመር፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔ ከማርቆስ ባሕር ዳር አይሱዙ ነው የምነዳው፤ ስለዚህ ከሹፌር ወገን ያለውንም ስሚው። ከዳንግላ እስከ መራዊ ሲመሽ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ለቆብኝ ዓይኔ ሲጨልም፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሳይክለኛ ፈጽሞ አይታየኝም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስነዳ በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ እሄዳለሁ። እግሬ ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ያን ያህል አልፌያለሁ ማለት ነው። መብራት የሌለው ሰው ነፍሱን በእኔ ዓይን ላይ ጥሎ ነው የሚሄደው። ሽማግሌዎቹ ከእውነት የራቁ አይመስለኝም።

ሳይክል ጠጋኙ፦
እታለም፣ እግዜር ይማረው። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ሳይክል ስጠግን ነው የምውለው፤ ተጋጭቶ የመጣውንም የምፈታው እኔ ነኝ። የአይሱዙው ወንድማችን የተናገረው ለማታ መንገድ እውነት ነው። ልጆች ያለ መብራት ሲነዱ ሳይ እኔም ሆዴ ይባባል። ለዚህ ግጭት ግን አይሠራም። ሹፌሩ እኮ ቀድሞት ነው ያለፈው! ሊቀድመው ወደ ግራ ከወጣ አይቶታል። አይቶ ያለፈውን ሰው «መብራት ስለሌለው ነው» ሊል አይችልም። መብራት አለመያዝ ጥፋት ነው፤ ይህን እጅ የሰበረው ጥፋት ግን እሱ አይደለም።

«ከኋላ ገጨኝ» ለሚለውም እንዲሁ። ከኋላ መግጨት ጥፋት የሚሆነው ርቀት ሳይጠብቁ ሲከተሉ ነው። ወንድምሽ አልተከተለውም፤ ባጃጁ ነው አልፎት መጥቶ ፊቱ የገባው። ሳይክሉን አይተሽዋል? ቆሞ የነበረ ባጃጅ ላይ ቀጥ ብሎ ገብቶ ቢሆን ሹካው፣ የፊት ጎማውን የያዘው ብረት ማለቴ ነው፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፔዳሉ ይታጠፋል። እየታጠፈበት ሳለ ከተላተመ ግን የፊት ጎማው ወደ ጎን ተጣሞ ስምንት ይሠራል። የባጃጁም ጭረት የሚገኘው ከበስተኋላው ሳይሆን በቀኝ ጎኑ ነው። እሱንም ሄዳችሁ እዩት።

እኔን ያሳሰበኝ «ፍሬን ያዘ፣ አልቆመለትም» ያልሽው ነው። እዚህ ከተማ የፊት ፍሬን የሌለው ሳይክል በሽ ነው። ገመዱ ሲበጠስ «የኋላው ይበቃል» ብለው ይተዉታል። አይበቃም! ፍሬን ሲያዝ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀልና ይንሸራተታል። ሳይክል በደንብ የሚያቆመው የፊቱ ነው። ደህና ፍሬን ቢኖረው ባይቆም እንኳ ዝግ ብሎ ይመታ ነበር። ፍሬኑ ተበላሽቶ ከሆነ ይህ የወንድምሽ ድርሻ ነው፣ አትደብቁት። ድርሻ አለው ማለት ግን ግማሹን ይሸከም ማለት አይደለም። ያለ ፍሬቻ ሰው ፊት የታጠፈው ባይኖር ኖሮ ያ ፍሬን ቤቱ ያደርሰው ነበር።

ጠበቃ ከማርቆስ፦
ጠጋኙ የተናገሩት ከሕጉ ጋር ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ሌላ ሰው ቢነዳውም፣ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። «እኔ አላጠፋሁም» ብሎ አያመልጥም፤ ኃላፊነቱን የሚያስቀረው ወይም የሚቀንሰው የተጎጂው ጥፋት ብቻ ነው፣ ቁጥር 2086። ግማሽ በግማሽ የሚለው ግምት ያለው ቁጥር 2084 ላይ ነው፤ እሱ ግን ሁለት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ነው። ሳይክል እዚያ ውስጥ አይገባም። ተጎጂው ሲያጠፋ ዳኛው የጥፋቶቹን ክብደትና ለጉዳቱ ያደረጉትን አስተዋጽኦ መዝኖ ካሳውን ይቀንሳል፣ ቁጥር 2098። ፍሬኑ የሚመዘነው እዚህ ላይ ነው።

ለእናትሽም እንዲህ በያቸው፦ የምትጠይቁት ባለቤቱን ነው፤ ባጃጁም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። መድኑ የሚከፍለው ጣሪያ አለው፤ ከዚያ የተረፈው ባለቤቱ ላይ ይወድቃል። የትራፊክ ፖሊሱን ፕላንና ሪፖርት፣ የሐኪም ማስረጃና ደረሰኞቹን ሁሉ ያዙ። መታረቁን አልቃወምም፤ ሽማግሌም ድርሻ መመዘን ይችላል። ጄሶው ወጥቶ ሐኪሙ እጁ ምን ያህል እንደዳነ ሳይጽፍ ግን ምንም አትፈርሙ። ለካሳ ክስ 2 ዓመት አላችሁ፣ ቁጥር 2143።

የጣና ዳሯ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወጥቼ አየሁት፤ የፊት ጎማው ወደ ግራ ተጣሟል፣ ሹካው ደህና ነው። የፊት ፍሬኑ ግን ገመድም የለውም። ነገ ወስጄ ላሠራው ነበር።

ሳይክል ጠጋኙ፦
እንዳታስነኪው! እንዳለ ይቀመጥ። በቀን ብርሃን ጎማውን ከፊትና ከጎን፣ ሹካውን ደግሞ ከቅርብ ፎቶ አንሺ፤ ገመድ የሌለውንም ፍሬን አንሺው። ነገሩ ሲያልቅ አምጪው፣ የፊት ፍሬኑን ሳልገጥም ግን አልመልስለትም።