እናቴን ያለ መኪና ዲሲን ላሳያት፦ በሜትሮ የት የት እንሂድ?

ጠያቂ፦ «ባለ ሁለት ሥራዋ»

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ማርች መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። የምኖረው ከዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የሜትሮ ባቡሩ ጣቢያ በእግር ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው። መኪና የለኝም። ኦፍ የምወጣው ማክሰኞና እሑድ ብቻ ነው። በኡበር ላመላልሳት ብዬ ሳሰላው ደግሞ ደሞዜ አለቀ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ መቆም አትችልም። ከሁሉ የባሰው ኤስካሌተር ትፈራለች። አንዴ እግሯን ላንሳ አላንሳ ስትል ከኋላዋ ሰው ተሰልፎ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ስታየው ፊቷን ታዞራለች። ገበያ መዞር ግን ነፍሷ ነው። ለጎረቤት የሚሆን ነገር በሻንጣ ካልሞላች አሜሪካ ሄጄ መጣሁ አትልም። የምትመጣው በዐቢይ ጾም ስለሆነ የምግቡም ነገር አሳስቦኛል። በባቡር ብቻ የሚሆን ነገር ንገሩኝ፣ እባካችሁ።

መልስ፦ «ቀይ መስመር»

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! እኔም አባቴን ይዤ እዚችው ከተማ ለአንድ ወር ዞሬያለሁ። የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ የምትሄዱበትን ቦታ አትምረጪ፤ ጣቢያውን ምረጪ። ሊፍቱ የት ይወጣል? ከሊፍቱ እስከ በሩ ስንት እርምጃ ነው? ይህን ካወቅሽ ግማሹ አለቀ። ሊፍት የተበላሸበትን ጣቢያ ሜትሮ በየቀኑ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ከቤት ሳትወጡ እሱን እዪ። ደርሳችሁ ሊፍቱ ቆሞ ካገኛችሁት ለጣቢያው ሠራተኛ ንገሩ፤ በመኪና የሚያደርሳችሁ ያዘጋጃሉ።

የእናንተ ጣቢያ ያለው በቀይ መስመር (ሬድ ላይን) ላይ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ መሀል ከተማ ስትሄዱ «ሼዲ ግሮቭ» የሚለውን ባቡር ያዙ። ስትመለሱ «ግሌንሞንት» የሚለውን። እናትሽን ይህቺን ቃል አስጠኚያቸው። ታዲያ ወደ ግሌንሞንት ስትመለሱ ጨዋታ ይዟችሁ እንዳታልፉ። ቀጥሎ ያለው ፎረስት ግሌን ነው፤ ከመሬት በታች 60 ሜትር ያህል ይወርዳል፣ የሚወጣው በሊፍት ብቻ ስለሆነ ምንም አይል። ከሱ ቀጥሎ ግን ዊተን አለ። ኤስካሌተሩ 70 ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ሊፍት አለው፤ ግን እናትሽ ቀና ብለው እሱን ካዩ በማግስቱ ከቤት አይወጡልሽም።

የሜትሮ መሳፈሪያ ካርዱ ለየራሳችሁ ይሁን። በአንድ ካርድ ሁለት ሰው መግባት አይቻልም። ሲገባም ሲወጣም ያንኑ ካርድ ማስነካት ግድ ነው። እኔ በካርድ ገብቼ በስልኬ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ተቆርጦብኛል። 65 ዓመት ለሞላው ሰው ደግሞ በግማሽ ዋጋ የሚያስኬድ ካርድ አለ፤ ዕድሜ የሚያሳይ መታወቂያ ይጠየቃል። ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ጭራሽ አትጨነቂ፤ የትም ብትሄዱ ከ2.25 እስከ 2.50 ዶላር ነው። በሥራ ቀን ግን እንደ ርቀቱ እስከ 6.75 ይደርሳል። በዚያ ላይ የእናንተ ካውንቲ «ራይድ ኦን» አውቶቡስ ከ2025 ወዲህ በነጻ ነው። ስምንቷን ደቂቃም በእግር አታስኪጃቸው።

መልስ፦ «ሻንጣዬ ሞላ»

የገበያው ነገር የኔ ነው! ፔንታገን ሲቲ ውሰጃቸው። ከጣቢያው በመሬት ውስጥ ቀጥታ የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ነው የምትገቡት፤ ዝናብ የለ፣ ብርድ የለ። መንገዱን ስትሻገሩ ደግሞ ኮስትኮና ማርሻልስ የሚባሉ ትልልቅ መደብሮች አሉ። እናቴ ማርሻልስ ውስጥ አራት ሰዓት ቆይታ «ገና አላየሁትም» ብላኛለች። የሚቀመጡበት ቦታ ጫማ ክፍሉ ጋ ነው፤ እንደሚለኩ ሆነው ይረፉ።

ዋናው ግን መንገዱ ነው። ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወርዳችሁ በሊፍት ወደ ታችኛው ፎቅ፣ ከዚያ «ሀንቲንግተን» የሚለውን ቢጫ ባቡር ያዙ። ላንፋንት ፕላዛን ካለፈ በኋላ ባቡሩ ድንገት ከጨለማው ወጥቶ የፖቶማክ ወንዝ ድልድይ ላይ ይወጣል። እናትሽን በቀኝ በኩል መስኮት ጋ አስቀምጫቸው። የጄፈርሰን ሐውልት ነጭ ጉልላት ይታያል። በግራ በኩል አውሮፕላኑ ወንዙን ተከትሎ ሲያርፍ ይታያል። እናቴ ሻንጣ ልትሞላ ወጥታ ስትመለስ ለሰው ሁሉ ያወራችው ስለ ድልድዩ ነበር።

በማርች መጨረሻ ደግሞ ቼሪዎቹ የሚያብቡበት ሰሞን ነው፤ ከቶኪዮ በ1912 የተሰጡት ዛፎች። ስሚዝሶኒያን ጣቢያ ያን ሰሞን እንደ ጥምቀት ነው የሚጨናነቀው፣ ጉልበት ያመመው ሰው አይገባበትም። ከባቡሩ መስኮት ያየችው ይበቃታል በይ።

መልስ፦ «የሌሊት ነርስ»

ሙዚየሞቹን እንዳትዘልያቸው። ስሚዝሶኒያኖቹ መግቢያቸው ነጻ ነው፣ ከዲሴምበር 25 በስተቀር ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን በሩ ላይ ዊልቸር በነጻ ያውሳሉ፤ ቀድሞ ለመጣ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ እንዴ?» ይሉሻል። «ቦርሳሽን የምናስቀምጥበት ነው» በያቸው። አሥር ደቂቃ አይቆዩም፣ ይቀመጡበታል።

ሜትሮ ሴንተር ላይ ቀይሩና አንድ ጣቢያ ሄዳችሁ ፌዴራል ትራያንግል ውረዱ። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙን በኮንስቲቲዩሽን አቬኑ በኩል ግቡ፣ በዚያ በኩል ደረጃ የለም። ውስጥ 45.52 ካራት የሚመዝነውን ሰማያዊውን የሆፕ አልማዝ ያያሉ። የሰው ዘር አመጣጥ ክፍል ውስጥ ደግሞ ድንቅነሽን በምስል ሠርተዋታል። አክስቴ አጠገቧ ቆማ «አንቺም እዚህ ቀድመሽኝ መጣሽ?» ብላት ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ከጎኑ ያለው የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም የቀዳማዊት እመቤቶቹን ቀሚስ ያሳያል። ልብስ ለሚወድ ሰው ከአልማዙ ይበልጣል።

ፓንዳ ማየት ካማራችሁ በቀይ መስመር ክሊቭላንድ ፓርክ ውረዱ። ውድሊ ፓርክ የሚባለው ጣቢያም አለ፤ ከዚያ ግን መንገዱ ዳገት ነው። የመግቢያ ወረቀቱ ነጻ ነው፣ አስቀድመሽ በኢንተርኔት ያዢ። ፓንዳዎቹን አይታችሁ ከዚያው ተመለሱ፤ ግቢው ወደ ታች እየወረደ ስለሚሄድ መመለሻው ጉልበት ይጨርሳል።

መልስ፦ «መንጃ ፈቃድ አለኝ»

ይቅርታና ለምን ትሰቃያለሽ? እሑድ እሑድ መኪና ተከራይተሽ ጨርሺው።

መልስ፦ «ቀይ መስመር»

ወንድሜ፣ ኪራዩስ ይሁን። ፓርኪንጉን ማን ይፈልጋል? እሷ ስትዞር እናትየው መንገድ ዳር ቆመው ሊጠብቁ ነው። ባንድ ነገር ግን እስማማለሁ፦ ከደለስ (Dulles) ኤርፖርት ሲመጡ ከነሻንጣው በባቡር እንዳታመጫቸው። ሲልቨር ላይን የሚባለው የባቡር መስመር ከ2022 ጀምሮ እዚያ ይደርሳል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ግን ሌሊቱን ሙሉ በርረው ለመጡ እናት ከአንድ ሰዓት በላይ ባቡር ይበዛል። ያን ቀን ሰው ለምኚ።

ጠያቂዋ፦ «ባለ ሁለት ሥራዋ»

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ! ዊልቸሩን ፈጽሞ አላውቅም ነበር። ምግቡስ? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ሳንገባ ብንሄድ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ «ዩ ስትሪት 9ኛው»

ለእሑድ ኢስተርን ማርኬት ነው። ከሜትሮ ሴንተር «ኒው ካሮልተን» ወይም «ላርጎ» የሚለውን ይዛችሁ፣ በጣቢያው ስም ትወርዳላችሁ። ከሊፍቱ ብዙ አያስሄድም። አዳራሹ ከ1873 ጀምሮ ገበያ ነው። ቅዳሜና እሑድ ደጁ ላይ አትክልት፣ ጌጣ ጌጥ፣ ያገለገለ ዕቃ ይደረደራል። እናትሽ ዋጋ ይከራከራሉ፤ ተያቸው፣ ከመንገድ ሻጮቹ አንዳንዱ ይቀንሳል። ሰኞ ዝግ ነው። ውስጥ ሥጋና አይብ ስለሚበዛ ለጾመኛ አይሆንም፣ ወደ ውስጥ ሳትገቡ ደጁን ዙሩ።

ለምግብ ስትመለሱ በቀይ መስመር ኖማ ላይ ውረዱ፤ ዩኒየን ማርኬት አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ነው። ብዙ ዓይነት ምግብ አንድ ጣራ ሥር ስላለ የጾም ነገር አይጠፋም። «ቪጋን ነው? ቅቤ የለውም?» ብለሽ ጠይቂ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን እዚህ አንክፈተው። ጉልበታቸው እንቢ ካለ ቀጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ ተመለሱ፤ የጾም በያይነቱ ደጅሽ ነው ያለው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት የኛው ዩ ስትሪትም አለ፣ ግን ከራስሽ ሰፈር እንጀራ ትተሽ ለእንጀራ ባቡር መቀየር ምን ይሉታል?

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ባቡር ውስጥ መብላትም መጠጣትም ክልክል ነው። የእናትሽን ቦርሳ ፈትሺ፣ ቆሎ አይጠፋበትም።

ጠያቂዋ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ተመልሻለሁ! ድልድዩን ሦስት ጊዜ ተሻገርን። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚገዛ ነገር ኖሮን አይደለም፤ «ያን ወንዝ አሳዪኝ» ብላ ነው። ዊልቸሩ ላይ አምስት ደቂቃም አልፈጀባትም፣ ተቀመጠች። ኢስተርን ማርኬት 12 ዶላር ያለውን ሻርፕ በ9 ወሰደችው።

ቆሎው ቦርሳዋ ውስጥ አልነበረም። ኪሷ ውስጥ ነበር። ጋለሪ ፕሌስ ሊፍት ስንጠብቅ አንዲት የጣቢያ ሠራተኛ አጠገባችን ቆማ ነበር፤ እናቴ እፍኝ ሙሉ ዘግና ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ሳቀችና «ውጭ ስትወጡ» አለቻት በእጇ ምልክት። እናቴ እስከ ዛሬ «ያቺ ልጅ ጾመኛ ናት» እንዳለች ነው።