ኪልት ለብሼ በር ላይ ስቆም የሚጠይቁኝ ነገር፦ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

የበሩ ሰው (ኤድንብራ)

ሰላም ወገኖች። ሮያል ማይል አጠገብ ያለ ሆቴል በር ላይ ነው የምሠራው። በር እከፍታለሁ፣ ሻንጣ አነሳለሁ፣ ታክሲ እጠራለሁ። የሥራ ልብሳችን ኪልት ነው። ያ የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት ባለ ካሬ ጉርድ። የደሴ ልጅ ነኝ። ሥራ የጀመርኩ ቀን ለእናቴ ፎቶ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። "ሱሪህን ማን ወሰደብህ?" የመጀመሪያዋ ጠያቂ እሷ ነበረች እንግዲህ።

አሁን አራተኛ ዓመቴ ነው፤ ጥያቄው ግን አላለቀም። አንደኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከስሩ ምን ለብሰሃል? በጥር በቀን ሁለት ሦስቴ እሰማዋለሁ። በነሐሴ ፌስቲቫሉ ሲመጣ መቁጠር ትቻለሁ። ጠዋት "ታክሲ ጥራልኝ" ለማለት እንኳ የሚሽኮረመሙ ሴትዮ፣ ማታ ሁለት ብርጭቆ ወይን ቀምሰው ሲመለሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላሉ።

ሌሎቹም አሉ። ስልክህን የት ታደርጋለህ? (ኪስ ስለሌለው ከፊት የሚንጠለጠል ስፖራን የሚባል የቆዳ ቦርሳ አለ።) አይበርድህም? ሰባት ሜትር ገደማ ሱፍ ከኋላ ተሸንሽኖ ወገቤ ላይ ተጠምጥሞ እንዴት ይበርደኛል? የሚበርደኝ ጉልበቴን ነው። የኤድንብራ ንፋስ ጉልበት ለይቶ ያውቃል። አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ደግሞ "የየትኛው ጎሳ ታርታን ነው?" አሉኝ። (ታርታን የየጎሳው መለያ የሚባለው ባለ ካሬ ጨርቅ ነው።) "የሆቴሉ" አልኳቸው። ቅር አላቸው።

አንዲት ቱሪስት ስልኳን ሰጠችኝና "ከእውነተኛው ስኮትላንዳዊ ጋር አንሳኝ" አለች። እውነተኛ ያለችው አጠገቤ የቆመውን ባልደረባዬን ነው። ቀይ ጺም አለው። ከፖላንድ ነው የመጣው፣ ያውም ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይቶ። ትንፍሽ ሳይል ደረቱን ነፍቶ ተነሳላት።

ያላሳቀኝም አለ። ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት የሙሽሪት ጓደኞች እየዘፈኑ ገቡ። አንዷ ሳትጠይቅ ከኋላ ገለጠችው። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እንግዳ ናቸዋ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ለዚያ ለ"ከስሩ ምን አለ" ምን ብል ይሻላል? ስኮትላንዶቹ የቆየ መልስ አላቸው። "ከስሩ የተለበሰ ነገር አለ?" ሲሏቸው "የለም፣ ሁሉም እንደ አዲስ ይሠራል" ይላሉ። በእንግሊዝኛ ያው ቃል "የተለበሰ"ም፣ "ተለብሶ ያለቀ"ም ማለት ነው። የእነሱ ሰምና ወርቅ ነው። እኔ ስናገረው ግን ማንም አይስቅም። እንግሊዝኛው የጠፋኝ ይመስላቸዋል።

የድሬ ልጅ

ወንድሜ፣ እኛ ጋ ና። ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ስንቱ ወንድ በሽርጥ ነው። ፀሐዩ ሱሪ አያስለብስም። ከስሩ ምን አለ ብሎ የጠየቀኝ ሰው በዕድሜዬ የለም። አዲስ አበባ ግን አንዴ በሽርጥ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። የአጎቴ ሰፈር ዘበኛ "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ባለሱቁ ደግሞ "ሱሪህ አልደረቀም?" አለኝ። ሱሪ አንድ ብቻ ያለኝ መስሎታል!

ታክሲው (ሙኒክ)

እኔ ጠያቂ ነበርኩ፣ ይቅር በለኝ። የ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ መክፈቻ ጀርመን ከስኮትላንድ ነበር፣ እዚሁ ሙኒክ። መሃል ከተማው አደባባይ፣ ማሪየንፕላትስ፣ በኪልት ጥቅጥቅ ብሎ ነበር። 5 ለ 1 ተሸንፈው እንኳ መዝፈን አልተዉም። አራቱን ወደ ሆቴላቸው ስወስድ አላስችል አለኝና ጠየቅኋቸው። በቃል አልመለሱልኝም። ከመኪናው ወርደው አራቱም ጀርባቸውን ሰጡኝና በአንድ ላይ አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ዘዴው ይሠራል፤ አንተ ግን ሥራህን ታጣለህ።

የኪራይ ቤቷ (ግላስጎ)

እኔ ኪልት የሚያከራይ ሱቅ ነው የምሠራው። ለሠርግ፣ ለምረቃ ይወስዳሉ፤ ሰኞ ይመልሳሉ። የምረከበው እኔ ነኝ። ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ፓንት ልበሱ! "እውነተኛ ስኮትላንዳዊ ከስሩ ምንም አይለብስም" የሚለው ከወታደር ቤት የመጣ ነው ይባላል። ይሁን፤ ወታደሩ ግን የኪራይ አልነበረም የሚለብሰው።

ሽማግሌውን አትቀየማቸው። የጎሳውን ጥያቄ እኔም በየቀኑ እሰማዋለሁ። ደንበኛ ፈራ ተባ እያለ "ይሄን ብለብስ ችግር አለው?" ይለኛል። የወደድከውን ልበስ፣ ፖሊስ አይመጣብህም። ድሮ ግን ይመጣ ነበር። በ1746 ያመፁት የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች ኩሎደን በሚባል ቦታ በመንግሥት ጦር ከተሸነፉ በኋላ ኪልት በሕግ ተከለከለ። ለብሶ የተገኘ ስድስት ወር ይታሰራል። ከደገመ ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ክልከላው እስከ 1782 ቆየ። በመንግሥት ጦር ውስጥ ያሉትን ግን አልነካም። ከዚያ በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ራሱ ኪልት ለብሶ ኤድንብራ ላይ ታየ። ያውም ከስሩ ሮዝ ጥብቅ ሱሪ አድርጎ! ስለዚህ ንጉሡም ባዶውን አልወጣም።

የቅዳሜዋን ነገር ግን አትሳቅበት። አንተ የእሷን ቀሚስ ብትገልጥ ፖሊስ ጣቢያ ነበር የምታድረው። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈህ ለአለቃህ ስጥ።

የቅኔ ቤት ሽማግሌ

ሰምና ወርቅ ካልክ ለምን ከእንግሊዝ ትበደራለህ? "ከስሩ ምን አለ?" ሲሉህ "ጉልበት አለ" በል። ሰሙ ያው ንፋስ የሚበላው ጉልበትህ ነው። ወርቁን እነሱ ይፈልጉት።

የበሩ ሰው

ጋሼ፣ ፈረንጅ አይገባውም እኮ!

የቅኔ ቤት ሽማግሌ

ሆቴላችሁ ሐበሻ አይመጣም እንዴ?

የበሩ ሰው (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ተመለስኩ። መጀመሪያ፣ ለአለቃዬ ጽፌ ሰጠሁ። ካሜራውን አየችው። ፊቷ ተቀየረ። አሁን ቅዳሜ ማታ በሩ ላይ የምንቆመው ሁለት ሆነን ነው፣ እኔና ፖላንዳዊው። ኪራይ ቤቷ፣ እግዜር ይስጥሽ። ፈረንጆቹን "ንጉሡ የለበሰውን" እላቸዋለሁ። ስልካቸውን አውጥተው መፈለግ ይጀምራሉ። እስከዚያ እኔ በሩን ከፍቻለሁ።

ትናንት ደግሞ ከለንደን አንድ ቤተሰብ መጣ፣ ለልጅ ምረቃ። ወጣቶቹ በእንግሊዝኛ እየተንጫጩ ገቡ። ከኋላ ነጠላ የለበሱ እናት ቀስ ብለው ከታክሲው ወረዱ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። መልሰው ከታች እስከ ላይ።

"ሐበሻ ነህ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"የሥራ ልብስ ነው።"

ጎንበስ ብለው ካልሲዬን አዩ። ቀና አሉ። "ከስሩ ምንም የለም?"

ልቤ ዘለለች። ስምንት ቀን ሙሉ ይህችን ነበር የምጠብቀው።

"ጉልበት አለ፣ እማማ።"

አልሳቁም። ዞረው ወደ ታክሲው በጣታቸው ጠቆሙኝ። ሦስት ትልልቅ ሻንጣ። አንዱ በገመድ ታስሯል።

"እንግዲያው የታሰረውን አንተው ያዘው። በርበሬ ነው፣ እንዳታጋድመው።"