የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ለዕጩ መኮንኖች ግዴታ ይሁን?

አወያይ፦ ካርታ ተዘርግቶ፣ ጦሩን የሚወክሉ ጠጠሮች ተደርድረው፣ ሁለት ወገኖች በዳኛ ፊት ተራ በተራ የሚዋጉበት ሥልጠና ለዕጩ መኮንኖች ሁሉ ግዴታ ይሁን፣ ማርክም ይያዝበት የሚሉ አሉ። ምን ትላላችሁ? ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጻፉልን።

ጡረተኛው ሻምበል፦ አልስማማም። ጠረጴዛ ላይ ሰው አይደክምም፣ ሬዲዮ አይቋረጥም፣ ጭቃ መኪና አይይዝም። ሻለቃ ጦር በሁለት ጣቱ አንስቶ ወንዝ ማሻገር የለመደ ልጅ እውነተኛው ወንዝ ዳር ሲቆም ምን ይውጠዋል? ሰዓቱ ለመስክ ልምምድ ይሁን።

የታሪክ መምህርቷ፦ ሻምበል፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ነገር ግን የፕሩሲያው መኮንን ፎን ራይስቪትዝ በ1824 ያወጣው ጨዋታ እንደዚያ አልነበረም። አንዱ ተራ የ2 ደቂቃ ውጊያ ነው። ተጫዋቹ ትእዛዙን ጽፎ ለዳኛው ይሰጣል፤ ጠላትን የሚያየውም ዳኛው ካርታው ላይ ሲያኖርለት ብቻ ነው። የኤታ ማዦር ሹሙ ፎን ሙፍሊንግ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ስሜት ነበር የተቀበሉት፤ ጨዋታው ሲካሄድ ካዩ በኋላ ግን ሠራዊቱ እንዲጠቀምበት መከሩ። ጭቃውን አያስተምርም፣ እውነት ነው። አሻሚ ትእዛዝ የሚያመጣውን ጣጣ ግን ሰው ሳይሞት ያሳያል።

ጡረተኛው ሻምበል፦ መምህርት፣ ይሁን። ዳኛው ግን ማነው? ጃፓኖች የፓሲፊኩን ደሴት ሚድዌይን ከማጥቃታቸው በፊት፣ በሜይ 1942፣ ዘመቻውን ጠረጴዛ ላይ ተጫውተውት ነበር። በቦታው የነበሩ መኮንኖች ከጦርነቱ በኋላ እንደጻፉት፣ ዳኛው የጥቃቱን ውጤት ለመለየት ዳይስ ጥሎ የጃፓንን መርከቦች 9 ቦምብ መታቸው ሲል አድሚራል ኡጋኪ “3 ይሁን” ብለው ቀነሱት። እንዲያም ሆኖ በጨዋታው የሰጠመችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ካጋ በቀጣዩ ዙር ተመልሳ ለውጊያ ተሰለፈች። በጁን ካጋን ጨምሮ አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የምር ሰጠሙ። እኔ ራሴ በሠለጠንኩበት ቦታ፣ በአሸዋ ገበታ ላይ የአለቃው ወገን ሲሸነፍ አንድም ቀን አላየሁም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መቶ አለቃዋ፦ ሻምበል፣ በዚያው በ1942 ሊቨርፑል የሆነውንም እንመልከት። ካፒቴን ጊልበርት ሮበርትስና ወጣት የባሕር ኃይል ሴቶች ወለል ላይ በጠመኔ እየሠመሩ የመርከብ ቅፍለትና የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦችን ፍልሚያ ያጫውቱ ነበር። ተጫዋቾቹ በሸራ ግርዶሽ ቀዳዳ የሚያዩት ከእውነተኛ መርከብ የሚታየውን ያህል ብቻ ነበር። ሰርጓጆቹ ከኋላ ቅፍለቱ ውስጥ ሰርገው ገብተው ከመሃል እንደሚተኩሱ የደረሱበት በዚሁ ወለል ላይ ነው፤ መከላከያውንም እዚያው ቀመሩ። ወደ 5000 የሚጠጉ መኮንኖች ሠለጠኑበት። እንግሊዛዊው አድሚራል ማክስ ሆርተን፣ የቀድሞ የሰርጓጅ አዛዥ፣ ከእነዚያ ሴቶች አንዷ በሆነችው በጃኔት ኦኬል አምስት ጊዜ ተሸነፉ። ወጣት ልጅ ናት! እዚያ የሰጠመ መርከብ በማዕረግ አልተነሣም።

አሠልጣኙ፦ እኔ የምፈራው ማርኩን ነው። ተማሪ ለነጥብ ሲጫወት የሚያጠናው ጠላትን ሳይሆን የጨዋታውን ሕግ ነው። ከአራት ጠጠር የትኛው የተሻለ ዳይስ እንደሚያስጥል ያሰላል። አደገኛ ሐሳብ ሞክሮ የሚሸነፍ፣ ከዚያም “ለምን ተሸነፍኩ?” ብሎ ሌሊቱን የሚያስብ ተማሪ ይጠፋል። የምፈልገው ግን እሱን ነው።

የታሪክ መምህርቷ፦ ጀርመኑ ቬርዲ ዱ ቬርኑዋም በ1876 የውጊያ ውጤት የሚሰላበትን የቁጥር ሰንጠረዥ ትቶ ፍርዱን ለዳኛው ልምድ የሰጠው የሕጉ ብዛት ጨዋታውን ስላከበደው ነው። ማርክ ከቀረ ግን በቁም ነገር የሚይዘው ይኖራል?

መቶ አለቃዋ፦ ይኖራል። በእኩዮቹ ፊት ውሳኔውን እንዲያብራራ የሚጠየቅ ሰው ይዘጋጃል። እኔ ተጠይቄ አፌ የተሳሰረበት ቀን ከየትኛውም ፈተና በላይ አስተምሮኛል።

ጡረተኛው ሻምበል፦ እሺ፣ የሊቨርፑሉን አላውቀውም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ግዴታ ይሁን ቢባል አሁን አልቃወምም። ነገር ግን ከመስክ ልምምዱ አንድም ቀን አይቀነስ፣ ዳኛውም የተጫዋቾቹ አለቃ የማያዝዘው፣ ከሌላ ክፍል የመጣ ሰው ይሁን። ይህ ካልተጻፈ ድምፄ ተቃውሞ ነው።

አሠልጣኙ፦ የዳኛውን ነገር እደግፋለሁ። በሰዓቱ ግን ገና አልተስማማንም፤ የእኔ ተማሪዎች አሁን ላለው ትምህርት እንኳ ጊዜ አጥሯቸዋል።